አራዳ ጊዮርጊስ፦ የአንድ አደባባይ ታሪክና የባለቤትነት ጥያቄ

፩. መነሻ

«አደባባይ» በቋንቋችን ከሜዳ ስም በላይ የሆነ ቃል ነው። መንገዶች የሚገናኙበትን ሰፊ ቦታ ይጠራበታል፤ ዳኝነት የሚታይበትን፣ ነገር ከጓዳ ወጥቶ ምስክር የሚቆምለትንም ሥፍራ ይጠራበታል። «አደባባይ ወጣ» የምንለው የተደበቀው ሁሉ ሲታይ ነው። ስለዚህ የአንድ አደባባይ ታሪክ ሲመረመር፣ ማን ድንጋይ እንዳቆመ ብቻ ሳይሆን፣ ማን እንደ ተናገረ፣ ማን እንደ ተፈረደበት፣ ማንስ ሳይጠየቅ እንደ ተነሣ አብሮ መመርመር አለበት።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው አደባባይ አራዳ ጊዮርጊስ፣ በኋላም ፒያሳ የተባለው የአዲስ አበባ እምብርት ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ያሉ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ስም ሲፈርሱ፣ በሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና በሚገኙት ምግብ ቤቶቻችንና ቡና ቤቶቻችን ወሬው ሁሉ እርሱ ሆኖ ነበር። ብዙዎች የድሮ ፎቶግራፍ እያወጡ አዘኑ፤ ሌሎች ደግሞ «ጭቃ ቤት ፈረሰ ብሎ ማልቀስ ምንድን ነው?» እያሉ ተከራከሩ። ሁለቱም ወገኖች የዘለሉት አንድ ጥያቄ ያለ ይመስለናል። ይኸውም በአራዳ የኖረው ሕዝብ በሚኖርበት ሥፍራ ላይ ምን መብት ነበረው የሚለው ነው። መልሱ ያለው በትዝታ ውስጥ አይደለም፤ በታሪክ ውስጥ ነው። የአገራችንን ዘመን በዓ.ም.፣ የውጭውን በእ.ኤ.አ. እንጠቅሳለን።

፪. ገበያው

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የከተማ ፕላን አልነበራትም። የነበራት የሠፈር ሥርዓት ነበር። ንጉሡ ግቢያቸውን በኮረብታ ላይ ተከሉ፤ መኳንንቱም እያንዳንዳቸው ከነወታደራቸውና ከነአሽከራቸው ዙሪያውን ሠፈሩ። ዛሬም የደጃች ውቤ ሰፈር፣ የራስ ብሩ ሰፈር እየተባለ የሚጠራው የዚያ የጦር ሠፈር ቅሪት ነው። የመሬቱ ባለቤትነት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስጦታ ነበር፤ ሎሌው በጌታው ይዞታ ላይ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል እንጂ የራሴ የሚለው መሬት አልነበረውም።

ከዚህ ሥርዓት ውጭ የበቀለው አንድ ሥፍራ ገበያው ነበር። ከግቢው በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሥር በተዘረጋው ሜዳ በየቀኑ፣ ይልቁንም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴና ገበሬ ይገናኝ ነበር። እህል፣ ቅቤ፣ ማር፣ ቡና፣ ቆዳ፣ በቅሎና ፈረስ፣ ማገዶ፣ አቡጀዲ ይሸጥበታል፤ መገበያያውም ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። ዓረቡ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና ሕንዱ በሜዳው ዳር ዳር ሱቅ ከፈተ። ከጉራጌ አገር ጉልበቱን ይዞ የመጣው ሠራተኛ ሸክሙን ተሸከመ፣ ግንቡን ገነባ፣ ቆይቶም ራሱ ነጋዴ ሆነ። አዲስ አበባ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ከተማ የሆነችው በአዋጅ አይደለም፤ እንዲህ ባለው የዕለት ተዕለት ግብይት ነው።

መንግሥትም ሕዝቡ ወዳለበት መጣ። ነጋድራሱ ቀረጡን ይሰበስባል፣ የንግድ ክርክር ይዳኛል፤ ከእነዚህ ነጋድራሶች አንዱ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በ1900 ዓ.ም. በተቋቋመው የመጀመሪያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ውስጥ ገቡ። አዋጅ ሲወጣ ነጋሪት የሚጎሰመው እዚያው ነው። በሞት የተፈረደበትም የሚሰቀልበት ዛፍ ከገበያው መሀል ነበር፤ ጨው ሊገዛ የመጣው ባላገር የሥርዓቱን ኃይል አይቶ እንዲመለስ ነው። በቴክሳስ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየትናንሹ ከተማ የሚያዩት አሠራር ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም፤ በዚያም በአደባባዩ መሀል የካውንቲው ፍርድ ቤት ቆሞ ሱቆች በአራቱም ማዕዘን ይከብቡታል። ንግድና ሕግ በአንድ ሜዳ የሚቆሙት የትኛውም መንግሥት ሕዝብ በማይሰበሰብበት ቦታ ሊታይ ስለማይሻ ነው።

ከዓድዋ ድል በኋላ የአራዳ ክብር ከፍ አለ። ታቦቱ ከዘማቹ ጋር ዓድዋ ድረስ እንደ ወረደ የሚነገርለት የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በስምንት ማዕዘን አምሮ ተሠራ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም እንግዳ መቀበል ጀመረ። «አራዳ» የሚለው ቃል ራሱ ከሥፍራ ስምነት ወደ ጠባይ ስምነት ተሸጋገረ፤ ዓይኑ የተከፈተ፣ የማይሞኝ ሰው «አራዳ» ተባለ። ይህን ትርጉም ለቃሉ የሰጡት ቤተ መንግሥቱም ቤተ ክህነቱም አይደሉም፤ በገበያው ውስጥ ሲገዛና ሲሸጥ፣ ከአራዳ ዘበኛም ዓይን ሲሰወር የዋለው ሰው ነው።

፫. ገበያ ሲነሣ፣ ፒያሳ ሲተከል

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የፋሺስት ጦር ከተማዋን ገና ሳይረጋጋባት በወረቀት ላይ ይከፋፍላት ጀመር። ስመ ጥሩው ሕንፃ ነዳፊ ለ ኮርቡዚየር እንኳ በዚያው ዓመት የአዲስ አበባን ንድፍ ሠርቶ ለሙሶሊኒ አቅርቦ ነበር። በንድፉ ላይ ነባሪቱ ከተማ የለችም፤ ባዶ መሬት እንዳገኘ ሰው ነው መስመሩን ያሰመረው። ሥራውን የተረከቡት ግን ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ ጣሊያኖች ሲሆኑ፣ የፕላናቸው መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ነጩ ከጥቁሩ ተለይቶ ይኑር የሚል ነው።

በዚህ ሐሳብ መሠረት የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ሥር ተነቅሎ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። አዲሱ ሥፍራ በጣሊያንኛ «የአገሬው ገበያ» ተባለ፤ እኛም ከዚያ ስም «መርካቶ»ን አስቀርተን የራሳችን አደረግነው። ባዶ የቀረው አራዳ ደግሞ «ፒያሳ» ተባለ። ሲኒማ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱ፣ መደብሩ ለነጩ ሆነ። ዛሬ ፒያሳንና መርካቶን እንደ ሁለት ወንድማማች ሰፈሮች አድርገን በፍቅር ስንጠራቸው፣ መለያየታቸው ከዘር መድልዎ ሕግ የተወለደ መሆኑን አንዘንጋ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ያወጣው ድንጋጌ በጥቁርና በነጭ መካከል በትዳር መልክ አብሮ መኖርን ወንጀል አድርጎ ነበር። የከተማው ፕላንና ይህ ሕግ የአንድ አስተሳሰብ ሁለት ገጾች ናቸው።

መነቀል የደረሰበት ገበያው ብቻ አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ሰሞን የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ከቦታው ተነሣ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ ወራሪውን አልባርክም ስላሉ በአደባባይ ተረሸኑ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሦስት ቀን በዘለቀው ጭፍጨፋ ሰው ከነቤቱ ነደደ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ያለቀውን ሕዝብ 30 ሺህ ብሎ መዝግቦታል። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ሰሞን በእሳት ጋየ።

በዚህ ዘመን ውስጥ ደጋግሞ የምናየው ነገር አለ። ሥፍራውን ለመያዝ የመጣው ኃይል ሦስት ነገር አከታትሎ አደረገ፤ ሰውን አስነሣ፣ ስም ለወጠ፣ ምልክት ነቀለ። ቀጥሎ የምንጠይቀው ከእነዚህ ሦስቱ ነጻነት ሲመለስ የትኛው ተመለሰ የሚለውን ነው።

፬. ሐውልቱ ተመለሰ፤ ገበያውስ?

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የምኒልክ ሐውልት ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ታደሰ፣ በኋላም በአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችና ባለ ቀለም መስታወቶች ተዋበ፤ ለአቡነ ጴጥሮስም ሐውልት ቆመላቸው። ገበያው ግን አልተመለሰም። በፋሺስት ትእዛዝ ከአራዳ የተነሣው ነጋዴ በመርካቶ ቀረ፤ በፒያሳ ያለው ግንብና ሱቅ በአብዛኛው በባለ ሥልጣኑ፣ በባለ ሀብቱና በውጭ አገር ነጋዴው እጅ ቆየ። ስለ ሐውልቱ ክርክር አልነበረም፤ ስለ ሰውየው ግን ጠያቂ አልተገኘም።

ከግንቡ ጀርባ ግን ሌላ አራዳ ያድግ ነበር። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ውቤ በረሃ የተባሉት ሰፈሮች፣ በባለ ርስቱ ግቢ ውስጥ ተጠጋግተው የተሠሩ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው፣ አንጥረኛው፣ ጠጅ ጣይዋ፣ የሆቴል አሳላፊው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ተማሪ በኪራይ የሚኖሩባቸው ነበሩ። ከስማቸው ብቻ ብዙ ታሪክ ይነበባል፤ «እሪ በከንቱ» ብሎ ሰፈሩን የሚጠራ ሕዝብ ጩኸቱ ሰሚ እንደሌለው ሳያውቅ የሰየመው አይመስልም። የስቅላቱም ልማድ በአዲስ አበባ ቀጥሎ ነበር፤ አርበኛው በላይ ዘለቀ በ1937፣ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በ1953 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት ተሰቅለዋል። ከጊዮርጊስ ብዙ ሳይርቅ ያለው ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እሥር ቤትም በተከታታይ መንግሥታት የስንቱን ወጣት ጩኸት እንደ ዋጠ፣ በ2010 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ የገቡበት ያውቁታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቁ ለውጥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ይህን አዋጅ በጥሞና ልንመለከተው ይገባል፤ ከተማሪው ንቅናቄ ጥያቄዎች ጋር የተያያዘ ነውና። አዋጁ ባለ ርስቱን ከሠራተኛው ጫንቃ ላይ አወረደ። ማንም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ፤ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። በአራዳ ጓሮ ለሚኖረው ሰው ይህ እውነተኛ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው።

ሆኖም አዋጁ የባለ ርስቱን መብት ለተከራዩ አላስተላለፈም፤ ለመንግሥት አስተላለፈ። ትናንት የአንድ ደጃዝማች ተከራይ የነበረው ሰው ዛሬ የመንግሥት ተከራይ ሆነ። ኪራዩ ቀለለለት፤ ቤቱን ለማደስ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ለመሸጥ አይችልም፣ አስነሡኝ ብሎ የሚከስበት የጸና መብትም አልጨበጠም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ሲያደርገው ይኸው ግንኙነት ሳይነካ ቀጠለ። በዚህ መካከል ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ፤ ቤቶቹ አረጁ፣ ጣሪያቸው ዛገ፣ አንዱን መጸዳጃ ብዙ ቤተሰብ ተጋራው። የራሱ ያልሆነውን ቤት ተከራዩ በሙሉ ልቡ አያድስም፤ ብዙ ኪራይ የማያገኝበትን ቤት መንግሥትም አያድስም። የአራዳ ጓሮ የጎሰቆለው በነዋሪው ስንፍና ሳይሆን በዚህ የንብረት ግንኙነት ምክንያት ነው።

፭. የሎስ አንጀለስ አደባባይ

የምንኖርባት ከተማም ከእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ነጻ አይደለችም። ሎስ አንጀለስ በ1781 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረችበት አሮጌ አደባባይ ከመሀል ከተማው በስተ ሰሜን ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ 44 ሠፋሪዎች አብዛኞቹ የአፍሪቃና የነባር ሕዝቦች ደም የነበረባቸው ነበሩ። ከጊዜ በኋላ አደባባዩ የሜክሲኮ ሠራተኛው መሰብሰቢያ፣ የቻይናው ስደተኛ መኖሪያ ሆነ። በ1871 እ.ኤ.አ. ከአደባባዩ አጠገብ መንጋ ተነሥቶ 18 ያህል ቻይናውያንን ገደለ።

በ1930 እ.ኤ.አ. ኦልቬራ የተባለችው የአደባባዩ ጠባብ መንገድ ተጠርጋ፣ ለጎብኚ የምትመች «የጥንቷ ሜክሲኮ» ገበያ ሆና ተከፈተች። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት 26 ቀን 1931 እ.ኤ.አ.፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች አደባባዩን ከበው 400 ያህል ሰው አግተው መረመሩ፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሜክሲኮዎችን አስፈራርቶ ከአገር ለማስወጣት ከተደረጉት ዘመቻዎች አንዱ ነበር። የቻይናውያኑም አሮጌ ሰፈር ፈርሶ በቦታው ላይ ዩኒየን የተባለው ታላቁ የባቡር ጣቢያ በ1939 እ.ኤ.አ. ተመረቀ።

የሜክሲኮ ባህል ለሽያጭ በቀረበበት ሜዳ ሜክሲኮው ታገተ። ይህን የምናነሣው የሰውን አገር ጥፋት ቆጥረን ለመጽናናት አይደለም። ታሪክን የማሳመር ሥራና ባለ ታሪኩን የማስነሣት ሥራ በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ ሊካሄዱ እንደሚችሉ፣ ይልቁንም አንዱ ለሌላው መሸፈኛ እንደሚሆን በቅርብ ስለሚያሳየን ነው።

፮. 2016 ዓ.ም.

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመረቀ። ዓድዋ መታሰቢያ ይገባዋል፤ በዚህ ማንም ሊከራከር አይችልም። ወዲያው በተከታዮቹ ሳምንታት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹ በአብዛኛው በከተማው ዳርቻ ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተወሰዱ። ሥራውም ወደ ሌሎች ሰፈሮችና ከተሞች ተስፋፋ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2025 እ.ኤ.አ. በግዳጅ ማፈናቀሉን ጠቅሶ ፕሮጀክቱ እንዲቆም ጠይቋል።

የልማቱ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። የጋራ መኖሪያ ቤት ውሃና መጸዳጃ አለው፤ በጭቃ ቤት ውስጥ ስድስት ሰባት ሆኖ የኖረ ሰው ይህን ማግኘቱ በጎ ነው። ድህነትን «ቅርስ» ብሎ የሚያወድስ ሰው ብዙውን ጊዜ በድህነቱ ውስጥ የማይኖር ነው። ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ለጭቃ ቤት ቅኔ ብንቀኝ ነዋሪውን አንጠቅመውም።

ግን ሰው ከቤት በላይ ነው። በአንድ ሰፈር ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የኖረ ሰው እድር አለው፤ ሲሞት የሚቀብሩት፣ ሲያዝን ድንኳን የሚተክሉለት ጎረቤቶች አሉት። እቁብ አለው። ጉልት የምትቸረችር እናት ደንበኞቿ እግረኞች ናቸው፤ በፒያሳ መንገድ ላይ የምታገኘውን ገበያ በከተማው ዳር በሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አታገኘውም። እድር ባለበት የሚጸና ማኅበር ነው፤ አባላቱ በአምስት አቅጣጫ ሲበተኑ መዝገቡ ቢቀር እንኳ ቀባሪው አይደርስም። የቤቱ ካሬ ሜትር ሲሰላ ይህ ሁሉ በሒሳብ ውስጥ አልገባም፤ የቀበሌ ተከራይ እንዲሰላለት የሚያስገድድበት ሕጋዊ አቅም የለውምና።

የ1928ቱ ወራሪና የዛሬው አስተዳዳሪ አንድ ናቸው አንልም፤ እንዲህ ያለው ንጽጽር ለፋሺስት ግፍ ሰለባዎች ስድብ ነው። የምንለው፣ የኃይሉ ማንነት ሲለዋወጥ የነዋሪው አቋም ሳይለወጥ መኖሩን ነው። በመኳንንቱ ዘመን ጥገኛ ነበረ፤ በጣሊያን ዘመን «አገሬው» ተብሎ ተነሣ፤ በንጉሡ ዘመን ጭሰኛ ተከራይ ነበረ፤ ከ1967 ወዲህ የመንግሥት ተከራይ ሆነ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ አደባባዩን በጉልበቱና በንግዱ ሠራ፤ ስለ አደባባዩ ዕጣ ሲወሰን ግን ከተጠያቂዎቹ መካከል አልነበረም። ሐውልቶች እንኳ ከእርሱ የተሻለ ዕድል ነበራቸው፤ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ግንባታ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ሥፍራው ተመልሷል።

፯. ስለ ፌርፋክስና ስለ እኛ

ሎስ አንጀለስ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ታሪክ ውስጥ እንግዳ ስም አይደለችም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር 19ኛ ጉባኤውን በነሐሴ 1971 እ.ኤ.አ. ያካሄደውና በብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ የተከፋፈለው በዚህች ከተማ ነው። ያ ትውልድ ስለ መሬት፣ ስለ ብሔረሰብ፣ ስለ መደብ ሌሊቱን ሙሉ ተከራክሯል። «መሬት ለአራሹ» ያለው ትውልድ ከተማውን ማን ይውረሰው የሚለውን ጥያቄ ግን በዚያው ጥልቀት አልመረመረውም፤ ደርግም አዋጅ 47ን ሲያውጅ መልሱን በራሱ መንገድ ሰጠው። ይህ የቤት ሥራ ለእኛ ተላልፏል።

ፌርፋክስ ደግሞ የራሱ ትምህርት አለው። ከደርግ የሸሸው ወገናችን፣ በተለይ የ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ፣ ወደዚህ ከተማ እየበዛ መጣ። ከኦሊምፒክ ጎዳና በስተ ደቡብ፣ አይሁዳውያን ነጋዴዎች ይበዙበት በነበረው የፌርፋክስ ክፍል አንድ ምግብ ቤት ሌላውን እየጠራ፣ የቅመማ ቅመም ሱቁ፣ የጉዞ ወኪሉ፣ የጸጉር ቤቱ ተከተለ። የከተማው ምክር ቤትም በነሐሴ 2002 እ.ኤ.አ. ሥፍራውን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰየመው። ስሙን ያገኘው ገንዘቡንና ላቡን ባፈሰሰው ነጋዴና ፊርማ ባሰባሰበው ማኅበረሰብ ጥረት ነው። ይሁን እንጂ የስም ሰሌዳ የኪራይ ውልን አያራዝምም። በዚህ ጎዳና ላይ ያለ ስደተኛ ነጋዴ ሕንፃው የሌላ እስከ ሆነ ድረስ፣ ኪራይ ሲንር ከዶሮ ማነቂያው ልብስ ሰፊ የተለየ መከላከያ የለውም። ጎዳናው በስማችን ይጠራል፤ በእጃችን ይሁን የሚለው ግን ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ከፊታችን ሁለት ሥራ አለ እንላለን። አንደኛው የመመዝገብ ሥራ ነው። የአራዳን ሰፈሮች የሚያውቁ እናቶችና አባቶች በዚህ ከተማ በመካከላችን አሉ፤ የየሰፈሩን ስም፣ የየእድሩን አመሠራረት፣ ማን በየትኛው ግቢ በስንት ብር ኪራይ ይኖር እንደ ነበር ዛሬ ካልጠየቅናቸው ነገ የሚነግረን አይኖርም። የቤተ መንግሥቱን ታሪክ ብዙዎች ጽፈውታል፤ የጓሮውን የሚጽፈው አላገኘም። ሁለተኛው የማሰብ ሥራ ነው። የከተማ ነዋሪ፣ ተከራይም ቢሆን፣ ሳይጠየቅና ሳይካስ እንዳይነሣ የሚያስችል የይዞታ መብት ምን መልክ ሊኖረው ይገባል? የእድርና የእቁብ ኅብረት ሳይበተን ሰፈር እንዴት ይታደሳል? የፖለቲካ ሳይንስ፣ የሕግ፣ የሕንፃ ነደፋ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ ሌላው ዓለም የሞከረውን መርምረን በቋንቋችን ልናቀርበው የምንችል ነን፤ ይህን መጽሔትም ለዚሁ ክርክር ክፍት እናድርገው።

የምኒልክ ሐውልት ዛሬም በአራዳ ቆሟል፤ ጊዮርጊስም ደወሉን ይደውላል። ቅዳሜ ገበያ ይዋልበት የነበረው ሜዳ፣ የቀበሌ ቤቶቹም ጓሮ ዛሬ ሌላ መልክ ይዟል። የተነሡት ሰዎች ግን በሕይወት አሉ፤ በከተማው ዳርቻ፣ ጎረቤቱ ከማይታወቅበት ፎቅ ላይ ሆነው አዲስ እድር እያቋቋሙ ነው። የአራዳ ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ የሚጻፈው እነርሱ ባሉበት ስለሆነ፣ እኛም ዓይናችንን ከድሮው ፎቶግራፍ አንሥተን ወደ እነርሱ እናዙር።